የጠረጴዛው ሥር

ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ እዚህ ቫልፓራይሶ፣
ሽቅብ በገመድ ወጥቶ፣ ቁልቁል ተመልሶ፣
ሰው የሚያመላልስ ሣጥን ባቡር ነበር፤
ደወሉ በኔ እጅ፣ በኔ እጅ ቁልፍና በር።
ከባሕሩ ጠረፍ እስከ ኮረብታው አናት
ዓሣ ሻጭ፣ ሙሽራ፣ አራስ ልጅና እናት፣
አንድ ጊዜ ፒያኖ፣ አንድ ጊዜ አስከሬን፤
አንድም ሰው ሳይወድቅብኝ አሳለፍሁ ዕድሜዬን።

ያን ሁሉ ገደል ቁልቁል አይቼ ሳልፈራ፣
አንድ የክረምት ጠዋት፣ ሰማዩ ገና ሳይጠራ፣
የመታጠቢያ ቤቴ እርጥብ ሸክላ ጣለኝ።

አጥንቴ አልተነካም። ጎኔ ላይ የበለዘው
ወይን ጠጅ ሆነ፣ ቢጫ፣ ከዚያ ጊዜ ወሰደው።
ፍርሃቱ ግን ቀረ፣
ኪራይ የማይከፍል ክፉ ተከራይ ሆኖ፣
ከአልጋ እስከ ማድቤቴ ኮሪደሩን ሸፍኖ።

አስራ አንድ እርምጃ ነው። ሳልቆጥር የኖርሁትን
ቆጠርሁ። መዳፌም በግድግዳው ላይ ጎትቶ ወዙን
አንድ ጥቁር መስመር አሰመረ፣ በወገቤ ቁመት፤
የማላውቀው እንስሳ ያለፈበት ዓይነት።

ልጄ ያስና መጣች። ምንጣፉን ጠቀለለች።
«እማዬ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለች።
ተቀመጥሁ።
ዳቦዬን የጎረቤት ልጅ ያመጣልኝ ጀመር፤
ባሕሩን ከበረንዳ ማየት ቀረ፤ ሦስት ደረጃ ነበር።
በተቀመጥሁ ቁጥር እግሬ እየቀጠነ፣
እግሬ በቀጠነ ቁጥር ፍርሃቴ እየገነነ፤
ለካ መውደቅ ይኸ ነው፤ ወንበር ላይ፣ በቀስታ፣
ያለ ድምፅ፣ በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ።
የፈሩት ይደርሳል ቢሉም፣ የኔው ደርሶ አልሄደ፤
ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀምጦ ለመደ።

ኤሊሴዮ የሚሉት ከጤና ጣቢያ መጣ፣
ጆሮው ላይ ቀለበት፣ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ።
«አይፍሩ» አላለኝም፤ እሱን ሁሉም ብሎኛል፤
«ከመውደቅ የሚፈሩት ምኑን ነው?» ሲል ጠይቆኛል።
አሰብሁ። መውደቁማ የዓይን ቅጽበት ነው፣ ያልቃል።
የሚያስፈራኝ ወለሉ፤ ስልኩ ከላይ ሲጠራ፣
እኔ ከታች ተዘርግቼ፣ እስኪመሽ፣ ከብርዱ ጋራ።

«እንግዲያውስ» አለኝ፣ ብርድ ልብስ እያነጠፈ፣
«እንውረድ።»
ልቤ ደረቴን ገረፈ።

ወረድሁ። ወንበሩን ይዤ፣ ጉልበቴን፣ ከዚያ ክንዴን፣
ከዚያ ወለሉ ላይ አሳረፍሁ ጎኔን።
በጀርባዬ ዞሬ ባይ፣ የጠረጴዛው ሆድ በእርሳስ ተጽፏል፤
የሟች ባሌ የሪጎቤርቶ እጅ፤ ልኬት ነው፤ አንዱን ደልዟል፤
ከሥሩ «ለኤርሚዳ» ይላል።
ኤርሚንዳ ነኝ እኮ!
አርባ ዓመት በበላሁበት ገበታ ሥር
አንድ ፊደል ጎድሎኝ ኖሬያለሁ፣ ሳላውቀው ምስጢር።
ሳቅሁ፤ እንባዬ ወደ ጆሮዬ እስኪወርድ፤
ኤሊሴዮ ግራ ገብቶት ቆመ፣ እንደ ግንድ።

መነሳትን አስተማረኝ፦ በጎን ይንከባለሉ፤
ክንድ፤ ጉልበት፤ ወንበር፤ አሁን አይቸኩሉ።
መጀመሪያ ቀን አቃተኝ። ሁለተኛም። ሰደብሁት።
በሦስተኛው ሳምንት ግን ራሴን ቆሞ አገኘሁት።

እጀታ ተተከለ ገላዬን በምታጠብበት፤
የሚያንሸራትት ጫማዬን ያስና ጣለችው ድንገት።
ውሃ እስኪፈላ ድረስ፣ የገንዳውን ጠርዝ ይዤ
በአንድ እግር እቆማለሁ፣ እንደ ሽመላ ተክዤ።
ፍርሃቱ ወጣ አልልም። ክፍል ግን ቀይሯል፤
ትንሿ ጓዳ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ ያስላል።

ማክሰኞ ሌሊት ምድር፣ እዚህ እንደ ልማዷ፣
ተንቀጠቀጠች፤ ብርጭቆ ተንጫጫ፣ ጮኸ ውሻ ከሜዳ።
እኔም ወረድሁ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ ጉልበቴ፤
ገባሁ፣ ጎዶሎ ስሜ ወዳለችበት ቤቴ።

ስልኩ ጮኸ። በዚህ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር።
«እማዬ! የት ነሽ?»
«ወለል ላይ።»
ያስና ከመሬቷ ይበልጥ ተንቀጠቀጠች።
«አትጩኺ፤ እኔው ነኝ የወረድሁት» አልኋት፤
«መውረድና መውጣት ሥራዬ አልነበር?
መውጫውን አውቀዋለሁ።
እስክነሳ ጠብቂኝ፤ ስልኩን አትዝጊው።»

በጎኔ ዞርሁ።